የወይዘሮ አትጠገብ ሁለት ዓይኖች

ጣሊያን ደሴን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ፣ ቅዳሴ እንደ ወጣ የሾላ ምንጭ ማርያም አለቃ ወልደ ሚካኤል ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ቆሙ። መቋሚያቸውን ሦስት ጊዜ መሬት መቱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያም ወይዘሮ አትጠገብ ሁለት ዓይን እንዳላት ለሕዝበ ክርስቲያኑ አወጁ።

«አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ» አሉ፣ ማንም እንዳይሳሳት።

ሕዝቡ ዞሮ አያት። አትጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ሴቶቹ መሀል ቆማለች። ቆጠሩ፤ ሁለት ነበሩ።

«ጠገራ ብር ላይ ያለችውን ሴትዮ ታውቋታላችሁ» ብለው ቀጠሉ አለቃ። «በጎኗ ነው የተቀረጸች፤ የሚታያት አንድ ዓይን ነው። ከእናንተ መሀል በዚህ ምክንያት አልቀበላትም ብሎ የመለሳት ካለ እጁን ያውጣ።»

እጅ አልወጣም።

«እንግዲያው በጎን የታየ ሁሉ ክፉ አይደለም። በጎን የታየ፣ በጎን የታየ ነው። ሌላ ያለ የተገዘተ ይሁን።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ። ሠዓሊው እንየውም አሜን አለ፤ ድምፁን ግን ከሁሉም ዝቅ አድርጎ ነው። ነገሩን የጀመረችው የሱ ምላስ ነበረች።

የሆነው እንዲህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እንየው ሰማያዊ ቀለም ሊገዛ ደሴ ወጣ። ከዓረቡ ሱቅ ፊት ለፊት አንድ ጣሊያን ፎቶግራፍ ቤት ከፍቶ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ገበታ የሚያህሉ ምስሎች ደርድሯል። አንዱ ተራራ ነው። አንዱ መድፍ ነው። ሦስተኛዋ አትጠገብ ናት። በኮምቦልቻ ገበያ ጥጧን ተሸክማ፣ አንገቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ባንድ ዓይኗ የሆነ ነገር ታያለች።

እንየው ዘጠኝ ዓመት መምህር ሥር ተቀምጦ ሥዕል የተማረ ሰው ነው። መጀመሪያ የተማረው ሕግ አንድ ነው፤ ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ይሁዳና ሰቃልያን፣ ዲያብሎስና ጭፍሮቹ በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። የሀገሩ ሰው ፊደል ባይቆጥርም ይህን ያነባል። እንየው ቤቱ ተመልሶ «ደሴ ምን አለ?» ሲሉት፣ «አትጠገብን ፈረንጅ አንድ ዓይን አድርጎ ሰቅሏታል» አለ። እንደ ሙያ ሰው ነው ያለው፤ አናጢ ያንዱ ወንበር እግር አጥሯል እንደሚለው። ወሬው ግን እሱ ራቱን ሳይጨርስ ወንዙን ተሻገረ።

በሦስተኛው ቀን፣ የፎቶው መኪና ቂም የለውም፣ ያየውን ነው ያወጣው ተባለ። በአምስተኛው ቀን፣ ለመሆኑ በየሳምንቱ ኮምቦልቻ የምትወርደው፣ ኬላው ላይ ማንም ሳያስቆማት የምታልፈው ለምንድን ነው ተባለ። ሳምንት ሲሞላ ጥጡ ውስጥ የሰው ስም ደብቃ ለጣሊያን እንደምታደርስ የማያውቅ አልነበረም። ጽዋ አብራት የምትጠጣው ሸዋረጋ፣ የአርባ ዓመት ጎረቤቷ፣ በማኅበሩ ቀን ጽዋው ከአትጠገብ እጅ ሲመጣላት «ሆዴን ቆርጦኛል» ብላ አሳለፈችው። ከሷ ቀጥሎ የተቀመጡትም ሆዳቸውን ቆረጣቸው።

ይህ በሌላ ዘመን ቢሆን በአንድ ዓመት ኩርፊያ ያልቅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለጣሊያን ሰላይ ነው የተባለ ሰው ዕድሜው አጭር ነው። ከመስከረም ወዲህ ጫካ ያሉት አርበኞች ሁለት ሰው ወስደዋል፤ አንዱ መንገድ ዳር ተገኘ፣ ሌላው ገና ይፈለጋል። የአትጠገብ ታናሽ ወንድም ደምመላሽም ጫካ ነው። ወሬው ደረሰውና እንዲህ ብሎ ላከ፦ «የኅዳር ማርያም ዕለት ሥዕሏ ሲገለጥ ሕዝቡ መሀል እቆማለሁ። ሴቶቹ ከሳሟት እህቴ ናት። ከተፉባት ሌላ ሰው እንዳይነካት፣ እኔው ነኝ የምገላግላት።»

አለቃ አዋጁን ያወጡት ይህ መልእክት በደረሰ በሁለተኛው ቀን ነው።

ስለ መትፋቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሾላ ምንጭ ማርያም የሴቶች በር ባለበት በኩል፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ከፊቷ ለቆመ ሰው በስተግራ ቅዱስ ሚካኤል ዲያብሎስን ረግጦ ቆሟል። በደብሩ ደንብ ሴት እመቤታችንን ስማ ስታበቃ ወደ ግራ ዞር ትልና ዲያብሎሱን ሦስት ጊዜ ቱፍታ ታቀምሰዋለች። በዚህ የተነሣ የዲያብሎስ ፊት በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለዚህ ብቻ እንየው ሁለት ቁና ጤፍ ተቆርጦለታል። ዘንድሮ ግን ግድግዳው በሙሉ ይታደስ ተባለና ቀለሙን አትጠገብ ገዛች። ቀለም የገዛ ሰው ደግሞ ከእመቤታችን እግር ሥር ይሣላል፣ ስሙም ይጻፋል።

አዋጁ በወጣ ማግስት መጣች። እንየው መሰላል ላይ ነበር።

«አያ እንየው፣ ውረድ።»

«ይችን ካባ ልጨርስ።»

«ካባዋ አትሸሽም። የምትሸሸው እኔ ነኝ።»

ወረደ። አትጠገብ በከሰል የተነደፈውን ጎንበስ ብላ አየች። አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታ እጆቿን ዘርግታለች።

«ይች ማናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«ምን ሆኜ ነው የተዘረርኩት?»

«ስትማጸኚ ነው። መምህሬ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። የመምህሬ መምህር ከባሏ እግር ሥር ነበር የሚያስተኛት። አንቺ እንኳ ብቻሽን ነው የተኛሽ፤ ማዕረግ ነው።»

«ሰማያዊውን የገዛሁት ጥጥ ሸጬ ነው። ተኝቼ ጥጥ አልሸጥኩም።»

እንየው ወደ መሰላሉ ዞረ። እሷ ግን አላበቃችም።

«ፊቷስ የማን ነው? ይኸ እኮ አምና የሣልካት የቀኛዝማች ሚስት ፊት ነው። ካቻምና ለሞተችዋም ይኸንኑ ነው የሰጠሃት።»

«ስምሽ ከሥር ይጻፋል።»

«ደምመላሽ ማንበብ አይችልም።» ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አደረገች። «የፈረንጁ ሥዕል እኔን ይመስላል፤ ግን ክፉ ነኝ። ያንተዋ ደግ ናት፤ ግን እኔ አይደለሁም። ወንድሜ መጥቶ የቷን ነው እህቴ የሚላት?»

እንየው እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ፎቶ የተነሣሽ ቀን ግን ለምን ዞርሽ?»

«ፈረንጁ ሳጥኑን ደቅኖ በጣቱ ነይ ነይ አለኝ። እንደ ፍየል። አላይህም ብዬ ዞርኩ። በዞርኩበት ወሰደኝ። ያች ያያችኋት አንድ ዓይን እኮ፣ አላይህም ያልኩባት ናት።»

እንየው ንድፉን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋው። በሩ አጠገብ ብርሃኑ ላይ አቆማትና በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትን እያየ ሴት መንደፍ ጀመረ። አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት አወጣ። ቅንድቧ ላይ በልጅነቷ ከዋንዛ ወድቃ ያተረፈችውን ጠባሳ አወጣ።

«ግራ ዓይንሽ ከቀኙ ያንሳል» አላት።

«ታንሳ። ብቻ አትጉደል።»

በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ የኮምቦልቻው የጦር ሰፈር አዛዥ ካፒቴን በካሚዮን መጣ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሠላሳ ቆርቆሮ አምጥቷል። የሣሩ ክዳን ያፈስስ ነበር፤ አለቃም ስጦታውን ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተቀበሉ፣ የመጣው ከዚያ ይመስል። ካፒቴኑ ከሰው ጋር ሲነጋገር ፊቱን አይሰጥም፤ ዘወር ብሎ አገጩን አንሥቶ በጎኑ ነው የሚናገር። አስተርጓሚው ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ አባቱ ቆዳ ነጋዴ፣ እሱ አሰብ ወደብ ላይ ጣሊያንኛ የለመደ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን አወለቀ። ካፒቴኑ አላወለቀም። አለቃ ምንጣፍ አስነጥፈው ጫማውን እንዳላዩ ሆኑ።

ካፒቴኑ ብዙ ተናገረ። ሰይድ አሳጠረው።

«ስጦታ የሰጠ ይሣላል አሉ፣ እኔም ልሣል ነው የሚለው።»

«ደስ ይለናል» አሉ አለቃ፣ ፊታቸው ሳይንቀሳቀስ።

ካፒቴኑ ከኪሱ ፎቶግራፍ አውጥቶ ለእንየው ሰጠው። በጎኑ የተነሣው ነው፤ አፍንጫው፣ አገጩ፣ አንድ ዓይኑ። በጣቱ እየነካ አሁንም ብዙ ተናገረ።

«ልክ እንደዚሁ አድርገው ብሏል» አለ ሰይድ። «በነሱ አገር ታላቅ ሰው ገንዘብ ላይ የሚቀረጸው በጎኑ ነው አለ። ወላሂ፣ አፍንጫውን ይወደዋል።»

እንየው አለቃን አየ። አለቃ ጣሪያውን አዩ።

«ሁለት ዓይን ባደርግለትስ?» አለ እንየው፣ ቀስ ብሎ።

ሰይድ ተረጎመ። ካፒቴኑ ፎቶግራፉን በጥፍሩ ነካ፤ ልክ እንደዚህ ማለቱን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ካሚዮኑ ሲወርድ ካህናቱ እንየውን ይዘው ዕቃ ቤት ገብተው ተማከሩ። ሁለት ዓይን ቢሠራለት ይቆጣል። አንድ ዓይን ቢሠራለትና ትርጉሙን አንድ ሰው ሹክ ቢለው፣ ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን ደብሩን ያቃጥላል። አለቃ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ።

«አውጀን የለም እንዴ? በጎን የታየ፣ በጎን የታየ ነው። ሕዝቡ አሜን ብሏል።»

«ሕዝቡ አሜን ማለት አይከብደውም» አለ እንየው።

«አንተ ሣል። ማመኑን ለኛ ተወው።»

ግድግዳው ላይ የቀረው ባዶ ቦታ በእመቤታችንና በሚካኤል መሀል ያለው ብቻ ነበር። እንየው ካፒቴኑን እዚያ አቆመው፣ ፊቱን ወደ እመቤታችን፣ ጀርባውን ለዲያብሎስ። ሲጨርስ ወረደና ራቅ ብሎ አየው። ዲያብሎሱም ወደዚያው ነው የሚያየው። ሁለቱ ተከታትለው ገበያ የሚሄዱ ይመስላሉ። ለማስተካከል ጊዜ አልነበረም፤ በማግስቱ ኅዳር ሃያ አንድ፣ የኅዳር ማርያም ነው።

በዓሉ ዕለት ሕዝቡ ከቢስቲማ መንገድ ሳይቀር መጣ። ካፒቴኑ ሁለት ወታደር በር ላይ አቁሞ፣ በሴቶቹ በር በኩል ምንጣፉ ላይ ቆመ። ሰይድ ጫማውን ከመድረኩ ሥር አስቀምጦ በካልሲ አጠገቡ ሆነ። እንየው ዓይኑን ሕዝቡ ላይ ሲያንከራትት፣ ምሰሶ ተደግፎ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የሳበ ሰው አየ። ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ ቀብሯል። ግንባሩን ሲያይ ደምመላሽ መሆኑን አወቀ፤ የእህቱ ግንባር ነው፣ ለሁለት ሳምንት ሲሥለው የከረመው። ጋቢው ውስጥ ያለው ሽጉጥ ይሁን ካራ አልታወቀም። ባዶ እጅ እንዳልሆነ ግን ታወቀ።

ሥዕሉን የሸፈነው መጋረጃ ወረደ።

እልል ተባለ፤ ከዚያ ቆመ። አትጠገብ ከእመቤታችን እግር ሥር ቆማ፣ የጥጥ እስሯን ጎኗ አድርጋ፣ ንቅሳቷና ጠባሳዋ ሳይቀር፣ በሁለት ዓይኗ፣ ግራው ትንሽ እንዳነሰ፣ ሕዝቡን ታያለች። እንዲህ ያለ ሥዕል ማንም አይቶ አያውቅም። አንዲት አሮጊት «አያ እንየው ቆማ የምትሄድ አደረጋት» አለች በሹክሹክታ።

ቀለም የገዛች ናትና መጀመሪያ የምትሳለመው አትጠገብ ናት። ከኋላዋ ሸዋረጋ፣ ከሸዋረጋ ኋላ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ተሰልፈዋል። አትጠገብ ወደ ግድግዳው ቀረበች። የእመቤታችንን ካባ ጫፍ ሳመች፤ ግንባሯን አስነካች። ቀና አለች። ወደ ግራ ዞረች።

ግራዋ ላይ መጀመሪያ የጠበቃት ዲያብሎስ አልነበረም።

ልማድ ይሁን ልብ፣ እንየው እስከ ዛሬ አላወቀም። «ቱፍ» አለች አትጠገብ። «ቱፍ። ቱፍ።» ሦስቱም የካፒቴኑ ሥዕል አፍንጫ ላይ አረፉ።

እንየው ምሰሶውን አየ። ደምመላሽ ግራ እጁን ከጋቢው አወጣ። ባዶ ነው። ዓይኑን እህቱ ላይ ተክሎ ባዶ እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

ካፒቴኑ አንድ ቃል ጠየቀ። ሰይድ «ያ ረቢ» አለ፣ ከዚያ በጣሊያንኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። በኋላ እንደ ተናዘዘው ለካፒቴኑ ያለው ይህ ነው፦ ምርቃት ነው፤ ወሎ ውስጥ ሽማግሌና ሼህ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይላል፤ ለታላቅ ሰው ሦስት ጊዜ ነው። ሐሰት አልነበረም። ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው።

ካፒቴኑ ደስ አለው። አገጩን አነሣ። ሌሎቹም ይመርቁኝ አለ።

ሰይድ ወደ ሴቶቹ ዞረ፤ ዓይኑ ይለምናል። «ታላቁ ሹም ሁላችሁም... እንደ ወይዘሮዋ... እንድታደርጉለት ይፈልጋል።»

የሾላ ምንጭ ሴቶች የጣሊያንን ትእዛዝ እንደዚያ ዕለት በደስታ ፈጽመው አያውቁም። ሸዋረጋ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ወገባቸው የማይታዘዝ አሮጊቶች ሳይቀሩ በሰው ትከሻ ተደግፈው ደረሱለት። አንዷ ጨርሳ እንደገና ከሰልፉ ኋላ ቆመች። ዲያብሎስ ከተሣለ ጀምሮ በዓሉን ደርቆ የዋለው ያን ዕለት ብቻ ነው። አለቃ ወልደ ሚካኤል ዳዊታቸው ላይ አቀርቅረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጸሎት ነው እንዳይባል ድምፅ አልነበረውም። የእንየው ቀለም ገና እርጥብ ነበርና የካፒቴኑ አፍንጫ ወደ አገጩ መፍሰስ ጀመረ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሁሉም በሰላም ይገባ ነበር። ካፒቴኑ ግን ያን ቀን ቸር ሆነ። ምርቃቱን ለብቻው መውሰድ አልፈለገም። ጣቱን አንሥቶ ወደ አትጠገብ ሥዕል አመለከተ፤ ተናገረ።

ሰይድ አልተረጎመም።

ካፒቴኑ ደገመ።

«ይችንም ሴት መርቋት ይላል» አለ ሰይድ፣ ካልሲውን እያየ።

ሰልፉ ዞሮ ነበርና ከፊት ያለችው እንደገና ሸዋረጋ ናት። እንየው የገዛ ምላሱን ነከሰ። ብትተፋ፣ ምሰሶው ሥር የቆመው ሰው ያያል፤ በሾላ ምንጭ ሕግ አትጠገብ አበቃላት። ባትተፋ፣ መትፋት ምን እንደሆነ ካፒቴኑ ይረዳል። ደምመላሽ ደረቱ ላይ ያለውን እጅ ወደ ጋቢው መለሰው። አዋጁ፣ ጠገራ ብሩ፣ አሜኑ፣ ሁሉም አንዲት የደረቀች አሮጊት አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

ሸዋረጋ አትጠገብን አየቻት፤ ሥዕሏን ሳይሆን ራሷን። አትጠገብ ፊቷን አልመለሰችም።

«ያን ጽዋ» አለች ሸዋረጋ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሆዴን አልቆረጠኝም ነበር።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደች። ጉልበቷን በእጇ ይዛ ጎንበስ አለች። የአትጠገብን ሥዕል ሁለቱን ዓይኖች ሳመች፤ መጀመሪያ ትልቁን፣ ቀጥሎ ትንሹን። ቀና ብላ ከንፈሯ ላይ የተረፈውን ቀለም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ወደ ግራ ዞረችና፣ ማንም ሳያዝዛት፣ የካፒቴኑ ሥዕል ላይ ተፋች።

የሣቀ የለም። ካፒቴኑ ጣቱ እንደተቀሰረ ቀረ። ጣቱ ቀስ እያለ ግድግዳው ላይ ተንቀሳቀሰ፤ እመቤታችን ጋ ቆመ፣ ልጇ ጋ ቆመ፣ ሚካኤል ጋ፣ አትጠገብ ጋ ቆመ። ከዚያ ሚካኤል እግር ሥር፣ ወደ ዲያብሎሱ ወረደ። ከዚያ ወደ ራሱ ሥዕል መጣና እዚያ ቆየ።

ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ ሕዝቡን ፊት ለፊት አየ።

ሰይድ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ጀምሯል።